ስፓጌቲና ቆጮ በአረካ

ከወላይታ ሶዶ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በአረካ ከተማ፣ ወደ ምግብ ቤት ጎራ የሚል ወጣት ሠራተኛ ብዙ ጊዜ «ፓስታ በስጎ» ብሎ ያዛል። ምግቡ ቶሎ ይደርሳል፤ ስጎው በዘይትና በቲማቲም ብቻ ከተሠራም ለጾም ይሆናል። በዚህ ምርጫ ነቀፌታ የለንም። ዳሩ ግን አንዳንዱ ወጣት ስፓጌቲን የሥልጣኔ ምልክት አድርጎ በመቁጠር፣ ያደገበትን ቆጮ በጓደኞቹ ፊት ለማዘዝ ሲያፍር እናያለን። ስለዚሁ ጉዳይ ጥቂት ቃል ለመናገር እንወዳለን።

ፓስታ በአገራችን በሰፊው የተዛመተው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው የኢጣሊያ ወረራ ምክንያት ነው። ሶዶ በግንቦት 1933 ዓ.ም. ከጠላት እጅ ወጣች፤ ወራሪውም ሄደ። ማካሮኒ፣ ሳልሳ፣ ስጎ፣ ፉርኖ የሚሉት ቃላት ግን ከእኛ ዘንድ ቀሩ። ሕዝባችንም ምግቡን እንዳለ አልተቀበለውም፤ በርበሬ ጨመረበት፤ በእንጀራም እየጠቀለለ በላው።

ስንዴውም ቢሆን ለእኛ እንግዳ አይደለም። በ1959 ዓ.ም. በኢጣሊያ የወጣው ሕግ ደረቅ ፓስታ ዱረም ከሚባለው ጠንካራ ስንዴ እንዲሠራ ደንግጓል። በ1919 ዓ.ም. ኢትዮጵያን የጎበኘው የሩሲያ የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ፣ ይኸው የስንዴ ወገን በደጋችን ምን ያህል ልዩ ልዩ ዓይነት እንዳለው ለዓለም አስታውቋል።

አሠራሩን በሚገባ ማወቅ ደግ ነው። ለግማሽ ኪሎ ፓስታ 5 ሊትር ያህል ውሃ ይፈላል፤ ጨው ይጨመርበታል። ከዚያም ፓስታው ሳይሰበር ይገባና እንዳይያያዝ ይማሰላል። ጥቂት ጠንከር እንዳለ ማውጣት ይገባል፤ ኢጣሊያኖች ይህን «አል ዴንቴ» ይሉታል፤ «ለጥርስ» ማለት ነው። ሲበላም በቢላዋ አይቆረጥም፤ ጥቂት ጥቂቱ በሹካ ይጠቀለላል።

ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን ፓስታ ከሱቅ በገንዘብ የሚገዛ ነው። ደመወዝ የሌለው የወላይታ ገበሬ በክፉ ቀን የሚተማመነው በጓሮው እንሰት ነው። ወላይታዎች «ኡታ» የሚሉት ይህ ተክል ለመድረስ ዓመታት ቢፈጅም፣ ዝናብ ሲያጥር ይታገሣል፤ ቆጮውም በጉድጓድ ውስጥ ለብዙ ወራት ይቆያል። በዚያው በአረካ የሚገኘው የግብርና ምርምር ማዕከል የእንሰትን ዝርያዎች ሰብስቦ ያጠናል። ተክሉን የሚያጠወልግ ክፉ በሽታ ስላለ፣ ይህ ጥናት ለብዙ ቤተሰብ የእንጀራ ጉዳይ ነው። የተማረ ሰው ያፈረበትን ተክል ግን ማን ይጠብቀዋል?

ስለዚህ ወጣቶች ሆይ፣ ስፓጌቲውን በሹካ ጠቅልላችሁ በደስታ ብሉ። በማግሥቱም ቆጮውን በዚያው ገበታ ላይ ጠርታችሁ እዘዙ። እናቶቻችሁ እንሰቱን ፍቀው፣ ቆጮውንም ገበያ አውጥተው የደብተራችሁን ዋጋ የከፈሉ እንደሆነ፣ ስሙን ስትጠሩ ድምፃችሁን ዝቅ አታድርጉ።