የተኩስ ስፍራ ጉብኝት በጆሮና በጤና ላይ የሚያስከትለው ጉዳት

በልዩ ልዩ አገሮች የተኩስ መለማመጃ ስፍራዎች ከቱሪስት መስህቦች መካከል ተቆጥረዋል። በአሜሪካ ላስ ቬጋስና በቼክ ሪፑብሊክ ፕራግ ለእንግዶች መሣሪያ የሚያከራዩ ድርጅቶች አሉ። በቬትናም የኩቺ ዋሻዎችን የሚጎበኙ ሰዎችም ጥይት እየገዙ እንደ ኤኬ 47 እና ኤም 16 ባሉ የጦርነቱ ዘመን ጠመንጃዎች ይተኩሳሉ። ከጎብኚዎቹ መካከል ቀደም ሲል ቃታ ስበው የማያውቁ ብዙዎች ናቸው። ጥይቱን ይፈራሉ እንጂ ድምፁን እንደ ጉዳት አይቆጥሩትም። ይሁን እንጂ ጆሮ በአንድ ቀን ጉብኝት ብቻ ለዘለቄታው ሊጎዳ ይችላል።

ድምፁ ጆሮን እንዴት ይጎዳል?

የጠመንጃና የሽጉጥ ተኩስ ድምፅ ብዙውን ጊዜ ከ140 እስከ 170 ዴሲቤል ይደርሳል። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው መመሪያ ለእንዲህ ያለው ቅጽበታዊ ድምፅ ያስቀመጠው ጣሪያ ለአዋቂዎች 140፣ ለሕፃናት 120 ዴሲቤል ነው። የ20 ዴሲቤል ጭማሪ የድምፁን ግፊት አሥር እጥፍ ያደርገዋል። ይህ ግፊት በውስጥ ጆሮ የሚገኙትን ፀጉር መሰል ህዋሳት ወዲያውኑ ሊያጠፋ ይችላል፤ ህዋሳቱም በሰው ላይ ተመልሰው አይተኩም። የፋብሪካ ጫጫታ ጉዳቱን ለማድረስ ዓመታት ሲወስድ፣ ለተኩስ ግን መከላከያ ባልተደረገበት ቅጽበት የተሰማ አንድ ድምፅ ሊበቃ ይችላል። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ድምፁ ከግድግዳ ላይ ስለሚያስተጋባ አደጋው ይብሳል።

የምርመራ ምልክቶች

ታካሚው የጆሮ ጩኸት፣ የመደፈን ስሜት ወይም በጫጫታ መካከል ንግግርን የመለየት ችግር ሊገልጽ ይችላል። የመስማት ምርመራ ሲደረግ በ4000 ኸርዝ አካባቢ ጎልቶ የሚታይ ቅናሽ የተለመደ ነው። በቀኝ ትከሻው አስደግፎ ጠመንጃ የሚተኩስ ሰው ግራ ጆሮው ለአፈሙዙ ስለሚቀርብ፣ ቀኙም በራስ ቅሉ ስለሚከለል፣ ግራው ይበልጥ ይጎዳል። የጆሮ ታምቡር መቀደዱ ከተጠረጠረ ጆሮውን በውኃ ማጠብ አይገባም። የመስማት መቀነሱ ድንገተኛ ከሆነ ታካሚው ሳይዘገይ ወደ ጆሮ ሐኪም መላክ አለበት። ምልክቶቹ በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ቢጠፉም ጉዳት አልደረሰም ማለት አይደለም።

የእርሳስ ብናኝ

ከጥይቱና ባሩዱን ከሚለኩሰው ቅመም የሚወጣው የእርሳስ ብናኝ በአየር ውስጥ ይቆያል፤ በእጅና በልብስ ላይም ያርፋል። ዋነኞቹ ተጋላጮች ዘወትር በስፍራው የሚሠሩ አሠልጣኞችና የጽዳት ሠራተኞች ናቸው። ለእነዚህ በደም ውስጥ ያለውን የእርሳስ መጠን በየጊዜው መለካት ተገቢ ነው። አንድ ጊዜ ለጎበኘ ጤናማ አዋቂ ግን ምርመራው አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም። እርሳስ በእንግዴ ልጅ አልፎ ፅንሱን ስለሚደርስና የእናትየው የጆሮ መከላከያም ፅንሱን ከድምፅ ስለማይጠብቅ ነፍሰ ጡር ሴት ወደ ስፍራው ባትሄድ ይመረጣል።

ሕፃናትና አውቶማቲክ መሣሪያ

እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2014 በአሪዞና ግዛት ከቤተሰቧ ጋር ለሽርሽር የመጣች የ9 ዓመት ልጅ ኡዚ መሣሪያ ተሰጣት። መጀመሪያ አንድ ጥይት ተኮሰች። መሣሪያው ወደ አውቶማቲክ ሲዞር ግን ርግጫውን መቋቋም አቅቷት አፈሙዙ ወደ ላይና ወደ ጎን ዞረ፤ አጠገቧ የቆመው አሠልጣኝም ራሱን ተመትቶ ሞተ። አሠልጣኝ አጠገብ መኖሩ ብቻ ለልጅ ደኅንነት ዋስትና እንደማይሆን ይህ አደጋ ያሳያል።

ለጎብኚ የሚሰጥ ምክር

• የስፖንጅ መወተፊያና ጆሮን የሚሸፍን መከላከያ በአንድነት መጠቀም። መወተፊያው በጣት ተጠቅልሎ፣ ጆሮ ወደ ላይና ወደ ኋላ ተስቦ ይገባል፤ እስኪያብጥም በጣት ተደግፎ ይያዛል።
• መከላከያውን ተኩስ ወዳለበት ከመግባት በፊት ማድረግና ከወጡ በኋላ ብቻ ማውለቅ።
• የዓይን መከላከያና አንገቱ ዝግ የሆነ ልብስ መልበስ። የጋለ ቀለህ በአንገት በኩል ሲገባ ሰው መሣሪያ እንደያዘ ሊደነብር ይችላል።
• በስፍራው አለመብላት፤ ሲወጡ እጅንና ፊትን በሳሙና መታጠብ፤ የለበሱትን ልብስ ለብቻ ማጠብ።

ድንገተኛ የጆሮ ጩኸት ያለበትን ሰው የሚመረምር የጤና ባለሙያ ስለ ሥራው ብቻ ሳይሆን በቅርቡ የት እንደዋለም ሊጠይቅ ይገባል። የሽርሽር ቀን ለታካሚው የጤና ታሪክ አካል መስሎ ስለማይታየው ካልተጠየቀ አይናገረውም።