ከመወገዳቸው በፊት ሊመዘገቡ የሚገባቸው የቀድሞ ስልኮች

የበጀት ዓመቱ ሲጠናቀቅ በየመሥሪያ ቤቱ የንብረት ቆጠራ ይካሄዳል። በቆጠራው አገልግሎት የማይሰጡ ሆነው የተገኙ ዕቃዎች ተለይተው ለንብረት አስወጋጅ ኮሚቴ ይቀርባሉ። ከተሰበሩ ወንበሮችና ከአሮጌ የጽሕፈት መኪናዎች ጋር «አሮጌ ስልክ፣ ብዛት 1» ተብሎ በአንድ መስመር የሚታለፍ ዕቃ በዚህ ዝርዝር ውስጥ ሊገኝ ይችላል። ዕቃው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት በጣት እየተሽከረከረ ወይም በእጀታ እየተዘወረ ይሠራ የነበረ ስልክ ከሆነ ግን ኮሚቴው የሚወስነው ስለ አንድ ዕቃ ሽያጭ ብቻ አይደለም። በአካባቢው የመንግሥት ሥራ እንዴት ይካሄድ እንደነበረ የሚያስረዳ ማስረጃ ይቀመጥ ወይስ ይጥፋ የሚለውንም አብሮ ይወስናል።

በሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የተሠሩ ስልኮችን መሰብሰብ በበርካታ አገሮች የታወቀ ተግባር ሲሆን፣ በአውሮፓና በአሜሪካ ሰብሳቢዎች በማኅበር ተደራጅተው ዕቃዎቹን ይጠግናሉ፣ ታሪካቸውን ያጠናሉ፣ ይለዋወጣሉ። በአገራችን ለዚህ የሚቀርበው ምሳሌ በአዲስ አበባ የሚገኘው የፖስታ ሙዚየም ነው። ሙዚየሙ ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ የታተሙትን ቴምብሮች በቅደም ተከተል ይዞ የአገሪቱን የመልእክት ታሪክ ያሳያል። ቴምብር በቀላሉ በአልበም ይቀመጣል። ስልክ ግን ቦታ የሚይዝ፣ በውስጡም መዳብና ናስ ያለው ዕቃ በመሆኑ ለቁርጥራጭ ብረት ገዢዎች ለመተላለፍ የተጋለጠ ነው።

ስልክ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዓለም ከታወቀ ብዙ ሳይቆይ ነበር። አሌክሳንደር ግራሃም ቤል የፈጠራ መብቱን ያገኘው እ.ኤ.አ በ1876 ሲሆን፣ አዲስ አበባን ከሐረር የሚያገናኘው 477 ኪሎ ሜትር የሚረዝም የስልክ መስመር ግንባታ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን እ.ኤ.አ በ1894 ተጀምሯል። ከጣሊያን ወረራ በኋላ የተጎዳውን አገልግሎት መልሶ ለማቋቋም በ1943 ዓ.ም ከዓለም ባንክ ብድር የተገኘ ሲሆን፣ በ1945 ዓ.ም ደግሞ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት መንግሥት የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ በአዋጅ ተቋቁሟል። ተቋሙ በተከታታይ ስሙና አደረጃጀቱ ተለውጦ በ1989 ዓ.ም የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን፣ በ2003 ዓ.ም ደግሞ ኢትዮ ቴሌኮም ሆኗል። በአንድ ስልክ ሥር ወይም ጎን የተለጠፈ የባለቤትነት ምልክት ከእነዚህ ስያሜዎች የየትኛው እንደሆነ ማወቅ ዕቃው አገልግሎት ላይ የዋለበትን ዘመን ለመገመት ይረዳል።

ጎጃም በዚህ ታሪክ ውስጥ የራሱ ድርሻ አለው። በ1933 ዓ.ም በኮሎኔል ዊንጌት የሚመራው የጌዴዎን ኃይል ከአርበኞች ጋር ሆኖ የጣሊያንን ጦር ሲያስለቅቅ፣ ቡሬ በየካቲት ወር መጨረሻ፣ ደብረ ማርቆስ ደግሞ በመጋቢት ወር መጨረሻ ነፃ ወጥተዋል። የጦርነቱን ታሪክ የጻፉ ሰዎች እንደሚያወሱት፣ በተያዘው የደብረ ማርቆስ ምሽግ ውስጥ ስልኩ ገና ይሠራ ነበር። ጣሊያንኛ አቀላጥፎ የሚናገረው አሜሪካዊው ጋዜጠኛ ኤድመንድ ስቲቨንስም በዚሁ ስልክ በሌላው ጫፍ ለነበሩት ጣሊያኖች እጅግ ብዙ ሠራዊት እየመጣባቸው እንደሆነ ነግሮ አስደንግጧቸዋል። አንድ የጠረጴዛ ዕቃ በጦር ሜዳ ያደረገውን ይህን አስተዋጽኦ የሚያውቅ ሰው፣ በጎጃም የሚገኝን አሮጌ ስልክ እንደ ተራ ቁርጥራጭ አይመለከተውም።

ፍኖተ ሰላምና ቡሬ አዲስ አበባን በደብረ ማርቆስ በኩል ከባሕር ዳር በሚያገናኘው ዋና መንገድ ላይ የሚገኙ ከተሞች ሲሆኑ፣ ከቡሬ ተነሥቶ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ነቀምት የሚያመራ መንገድም አለ። የስልክ ሽቦ በአብዛኛው የሚዘረጋው መንገድን ተከትሎ በመሆኑ፣ በእንዲህ ያሉ ከተሞች የነበሩ የአስተዳደር ጽሕፈት ቤቶች፣ ፖሊስ ጣቢያዎች፣ ፍርድ ቤቶችና የጤና ተቋማት የቀድሞ ስልኮች ሊገኙባቸው ከሚችሉ ቦታዎች ቀዳሚዎቹ ናቸው። ከዋናው መንገድ ርቀው በሚገኙ የገጠር ወረዳዎች ደግሞ አንድ ስልክ ለአካባቢው ሁሉ ያገለግል ስለነበር፣ ዕቃው ቢጠፋ የሚተካው ሌላ አይኖርም።

ለመሰብሰብም ሆነ ለመመዝገብ በቅድሚያ ሁለቱን ዋና ዋና ዓይነቶች መለየት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ባለ እጀታ ወይም ማግኔቶ የሚባለው ነው። በጎኑ ያለው እጀታ ሲዘወር በውስጡ የሚገኘው አነስተኛ ጀኔሬተር የኤሌክትሪክ ኃይል ያመነጫል። ይህም በስልክ ማዞሪያው ዘንድ ምልክት ይሰጣል። በማዞሪያው የተቀመጠው ሠራተኛ «ማንን ላገናኝ?» ብሎ ይጠይቅና በገመድ ሁለቱን መስመሮች ያያይዛል። ንግግሩ ሲያበቃ ተናጋሪው እጀታውን ጥቂት ዘውሮ መጨረሱን ያሳውቃል። ለድምፅ የሚያስፈልገው ኃይል የሚገኘው ከስልኩ ጋር ከተያያዙ ደረቅ ባትሪዎች በመሆኑ፣ መብራት ባልገባባቸው ቦታዎች ሁሉ መሥራት ይችል ነበር።

ሁለተኛው ዓይነት ከ1 እስከ 0 ቁጥሮች የተጻፉበት፣ አሥር ቀዳዳዎች ያሉት ክብ መደወያ የተገጠመለት ስልክ ነው። ጣት አስገብቶ ክቡን ማዞር በውስጡ ያለውን ጥቅል ሽቦ ያከርረዋል። ጣት ሲነሣ ክቡ በተመጠነ ፍጥነት ወደ ቦታው ይመለሳል፤ በሚመለስበት ጊዜም የመስመሩን ኤሌክትሪክ በተደወለው ቁጥር ልክ ያቋርጣል። 7 ሲደወል መስመሩ ሰባት ጊዜ ይቋረጣል፤ 0 ሲደወል አሥር ጊዜ ይቋረጣል። ፍጥነቱ በሰከንድ አሥር ጊዜ ያህል ነው። ማዞሪያ ጣቢያው እነዚህን መቋረጦች ቆጥሮ ያለ ሰው እገዛ ተፈላጊውን መስመር ያገናኛል። የዚህ ዓይነቱን አውቶማቲክ ማዞሪያ መሠረት የጣለው አልሞን ስትራውጀር የተባለ አሜሪካዊ ሲሆን፣ የፈጠራ መብቱን ያገኘው እ.ኤ.አ በ1891 ነው። ሙያው ቀብር ማስፈጸም ነበር።

የሁለቱ ልዩነት የቴክኒክ ብቻ አይደለም። ክብ መደወያ ያለው ስልክ በቦታው አውቶማቲክ ማዞሪያ እንደነበረ ሲያመለክት፣ ባለ እጀታው በሰው እጅ የሚሠራ ማዞሪያ እንደነበረ ይመሰክራል። በባለ እጀታው ዘመን የአንድ ወረዳ ሹም ከበላይ አካል ጋር የሚያደርገው ንግግር በማዞሪያው ሠራተኛ እጅ ያልፍ ነበር። ሠራተኛው ማን ማንን እንደፈለገ፣ የትኛው ጉዳይ አስቸኳይ እንደነበረ ያውቃል። በ1990ዎቹ ዓ.ም ወረዳዎችን በቪዲዮ ጉባኤ ማገናኘት የጀመረው ወረዳ ኔት ያመጣውን ለውጥ ለመረዳት ከዚያ በፊት የነበረውን ማወቅ ያስፈልጋል። ለዚህም ዕቃው ራሱ ግልጽ ማስረጃ ነው።

ዕቃው የተሠራበትን ዘመን ለማወቅ የሚረዱ ምልክቶች አሉ። በዘመኑ የነበሩ አብዛኞቹ ስልኮች አካላቸው ባክላይት ከሚባል ጥቁርና ከባድ ሰው ሠራሽ ቁስ የተሠራ ነው። ባክላይት ሲወድቅ እንደ ሸክላ ይሰነጠቃል። ከዚያ በኋላ የመጡት ቀለል ባለ ፕላስቲክና በልዩ ልዩ ቀለማት የተሠሩ ናቸው። በጨርቅ የተሸፈነ ገመድ አብዛኛውን ጊዜ በፕላስቲክ ከተሸፈነው ይቀድማል። የአምራቹ ስም፣ ለምሳሌ የስዊድኑ ኤሪክሰን ወይም የጀርመኑ ሲመንስ፣ አንዳንዴም የተሠራበት ዓመት በስልኩ ታች ወይም በመነጋገሪያው ውስጥ ታትሞ ይገኛል። በአንጻሩ በገበያ ላይ ጥንታዊ መስለው የሚሸጡ አዳዲስ ስልኮች መኖራቸውን ማስተዋል ይገባል። የእነዚህ ክብ መደወያ ሲታይ የሚሽከረከር ይመስላል እንጂ የሚጫኑ ቁልፎች በክብ የተደረደሩበት ነው።

እዚህ ላይ አንድ መሠረታዊ ነጥብ መታወቅ አለበት። እነዚህ ስልኮች በፋብሪካ በብዛት የተመረቱ በመሆናቸው እንደ ዕቃ ብርቅ አይደሉም። ተመሳሳዩ በስቶክሆልምም በካይሮም ይገኛል። የፍኖተ ሰላሙን ወይም የቡሬውን ስልክ ልዩ የሚያደርገው በየትኛው ጽሕፈት ቤት፣ በማን ጠረጴዛ ላይ፣ ለምን ሥራ ያገለግል እንደነበረ መታወቁ ነው። ይህ መረጃ ከዕቃው የተለየ ዕለት ስልኩ በአዲስ አበባ አንድ ሱቅ መደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ ጌጥ ይሆናል። ገንዘብ ከፍሎ ዕቃውን መልሶ መግዛት ይቻል ይሆናል፤ ታሪኩን ግን መግዛት አይቻልም።

ስለሆነም የመጀመሪያው ሥራ መመዝገብ ነው። ለዚህ ልዩ ባለሙያ አያስፈልግም። የንብረት ክፍል ሠራተኛ በአንድ ቅጽ የዕቃውን ዓይነት፣ የአምራቹን ስም፣ በላዩ ያለውን ቁጥር፣ የተገኘበትን ክፍልና ቀን፣ የጎደለውን አካል ሊሞላና ፎቶግራፉን ከአራት አቅጣጫ ሊያነሣ ይችላል። ዕቃው ገቢ የሆነበት ሞዴል 19 ወይም ወጪ የሆነበት ሞዴል 22 በመዝገብ ቤት ከተገኘ ቅጂው ከቅጹ ጋር ሊያያዝ ይገባል፤ ዕቃው መቼ እንደመጣና ለማን እንደተሰጠ ከእነዚህ ሰነዶች የተሻለ የሚናገር የለምና። በዕቃው ላይ የተለጠፉ የቀድሞ የአውራጃና የመሥሪያ ቤት ስሞች ጊዜው አልፎባቸዋል ተብለው መላጥ የለባቸውም።

ሁለተኛው ሥራ እንክብካቤ ነው። ስልኩ በጥቂቱ በረጠበ ለስላሳ ጨርቅ መወልወል ይበቃዋል። በቤንዚን ማጠብ፣ በአሸዋ ወረቀት መፋቅ ወይም ቀለም መቀባት ዕቃውን ያበላሻል። በባለ እጀታው ውስጥ የቀረ አሮጌ ባትሪ ካለ ፈሳሹ ብረቱን ስለሚበላው መውጣት አለበት። የጀኔሬተሩን ጫፎች ይዞ እጀታውን መዘወር ንዝረት ስለሚያስከትል፣ እንዲሁም ማንኛውንም የቀድሞ ስልክ ከመብራት መስመር ጋር ማገናኘት አደገኛ ስለሆነ ጥንቃቄ ይሻሉ። መነጋገሪያው ከአካሉ ተለይቶ እንዳይጠፋ አብረው መታሰርና እርጥበት በሌለበት ቦታ መቀመጥ ይኖርባቸዋል።

ሦስተኛው የሕግ ጉዳይ ነው። በመሥሪያ ቤት የሚገኝ ስልክ የመንግሥት ንብረት በመሆኑ ማንም ሠራተኛ፣ ለመሰብሰብ በጎ ፍላጎት ቢኖረውም፣ ከሥርዓቱ ውጪ ሊወስደው አይችልም። በሌላ በኩል የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርሶች ስለሚመዘገቡበትና ስለሚጠበቁበት ሁኔታ የደነገገ ሲሆን፣ ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትንም ይከለክላል። አሮጌ ስልክ ሁሉ ቅርስ ነው ማለት አይደለም። ቅርስ መሆን አለመሆኑን የሚለየው ግን የሚመለከተው የባህልና ቱሪዝም አካል እንጂ የቁርጥራጭ ብረት ጨረታ ሊሆን አይገባም። ስለዚህ አስወጋጅ ኮሚቴው ዝርዝሩን ከማጽደቁ በፊት የወረዳው ወይም የዞኑ የባህልና ቱሪዝም ባለሙያ ዕቃዎቹን እንዲመለከት በደብዳቤ መጠየቅ ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ጠቃሚ አሠራር ነው።

በግል ቤት የሚገኙ ስልኮችን በተመለከተ ባለቤቱ የመያዝም የመሸጥም ፍላጎት ሊኖረው ይችላል። ያም ሆኖ ከመሸጡ በፊት ታሪኩን ጽፎ ከዕቃው ጋር ቢያያይዝ የዕቃውም ዋጋ ከፍ ይላል፤ የአካባቢውም ታሪክ አይጠፋም። በግል ገንዘባቸው የሚሰበስቡ ዜጎችም ከሻጩ ዕቃውን ብቻ ሳይሆን ቃሉንም መቀበል ይኖርባቸዋል።

ከሁሉም በላይ የሚያስቸኩለው የሰው ትዝታ ነው። ዕቃው በግምጃ ቤት ተዘግቶበት ተጨማሪ ዓመታት ሊቆይ ይችላል። በማዞሪያው ላይ ተቀምጠው መስመር ያገናኙ የነበሩት፣ እንጨት ተክለው ሽቦ የዘረጉት፣ በስልክ የመጣ መልእክት ይዘው ወደ ገጠር የሮጡት ሰዎች ግን ዕድሜያቸው ገፍቷል። በምዕራብ ጎጃም ያሉ መሥሪያ ቤቶች በሚቀጥለው ቆጠራ ስልኮቻቸውን ሲመዘግቡ ከእነዚህ ጡረተኞች አንዱን ጠርተው «ይህ ስልክ የት ነበር? ማን ይደውልበት ነበር?» ብለው ቢጠይቁና መልሱን በዚያው ቅጽ ላይ ቢያሰፍሩ፣ «አሮጌ ስልክ፣ ብዛት 1» የሚለው መስመር የአንድ አካባቢ የታሪክ ሰነድ ይሆናል። ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው አንድ ቅጽ፣ አንድ ፎቶግራፍና የኃላፊው ፊርማ ብቻ ነው።