የጀልባን ጎን ከፍትጊያ እድፍ ስለ ማጽዳት

ከባሕር ዳር ወደ ዘጌና ወደ ደሴቶቹ ገዳማት ለመሻገር በጣና ዳርቻ የቆመ መንገደኛ፣ በተሰለፉት ሞተር ጀልባዎች ነጭ ጎን ላይ ጥቁር የፍትጊያ መስመር ሳያይ አይቀርም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ጀልባው ወደ መቆሚያው በተጠጋ ቍጥር የሚፋተገው ከተንጠለጠለ አሮጌ የመኪና ጎማ ጋር ነው፤ ጎማ ደግሞ ጥንካሬ እንዲያገኝ ጥቁር የካርቦን ዱቄት የተቀላቀለበት በመሆኑ እንደ እርሳስ ይጽፋል። ባለቤቱ ይህን ባየ ጊዜ ወደ ቅርብ ሱቅ ይሄዳል፤ ባለሱቁም የዕቃ ማጠቢያ ሽቦ ወይም ሸካራ የብርጭቆ ወረቀት ይሸጥለታል። ገንዘብ የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው።

የፋይበር ግላስ ጀልባ ከውጭ የሚታየው አንጸባራቂ ልባስ ጄልኮት ይባላል፤ ውፍረቱም ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው። ከሥሩ ያለውን የመስተዋት ክርና ሙጫ ከውሃና ከፀሐይ የሚጠብቀው እርሱ ነው። ይህን ልባስ በሽቦ የሚፍቅ ሰው በጥቂት ብር የሚወገደውን እድፍ ትቶ ከፍተኛ ወጪ የሚጠይቅ ጥገና ይገዛል። ከሽቦው የሚቀረውም ብናኝ ዝጎ ነጩን ጎን በቡናማ ነጠብጣብ ያበላሸዋል።

ስለዚህ ምልክቱ እድፍ ነው ወይስ ጭረት ብሎ አስቀድሞ መለየት ይገባል። ጥፍርን በምልክቱ ላይ አሻግሮ ማሳለፍ ይበቃል፤ ካልያዘ የጎማ እድፍ ነው፤ ከያዘ ልባሱ ተጭሯል። ጭረቱ በውሃ ሲረጥብ ከዓይን የሚሰወር ከሆነ ቀላል ነው፤ ረጥቦም የሚታይ ከሆነ ግን ጥልቅ ነው።

እድፍ ለማስለቀቅ ጀልባውን ከጥላ ሥር አድርጎ፣ አሸዋው በሙሉ እስኪወርድ ድረስ በንጹሕ ውሃና በሳሙና ማጠብ ነው። አሸዋ በጨርቅ ሥር ከቀረ ማጽዳቱ ራሱ ጭረት ይሆናል። ከዚያ በኋላ ሜላሚን በሚባለው ነጭ ስፖንጅ በቀስታ ማሸት፣ የቀረውንም በጥቂት አሴቶን በራሰ ጨርቅ ፈጥኖ መጥረግ ነው። አሴቶን ለጄልኮት እንጂ ቀለም ለተቀባ ጎን አይሆንም፤ ቀለሙን ያሟሟዋል። በጣና ላይ ከብረት የተሠሩ ጀልባዎችም ስላሉ ሻጭ ይህን ሳይጠይቅ ጠርሙሱን አይስጥ።

ቀላል ጭረት በማለስለሻ ኮምፓውንድ ይለቃል። ጠለቅ ያለውን በውሃ በሚሠራ 800፣ ቀጥሎም 1000 ቍጥር የብርጭቆ ወረቀት እያረጠቡ ማለስለስና ከዚያ ኮምፓውንድ መቀባት ነው። በማሽን የሚሠራ ፍጥነቱን ዝቅ አድርጎ፣ በአንድ ቦታ ሳይቆም ይሥራ፤ ሙቀቱ ልባሱን ያቃጥላል። በመጨረሻ ሰም ይቀባል። የጣና ሐይቅ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የሚገኝ በመሆኑ ፀሐዩ ብርቱ ነው፤ ሰም ያልተቀባ ጎን ፈጥኖ ይነጣል፤ በእጅ ሲነካም እንደ ጠመኔ ይቦናል። በሰም በተለበሰ ጎን ላይ ግን የሚቀጥለው የጎማ እድፍ ቶሎ ይለቃል።

ልባሱ ከነጭራሹ ተቀዶ ክሩ ከታየ አዲስ ጄልኮት መሙላት ግድ ይሆናል። ለዚህም አስመጪዎችና ባለሱቆች እጅግ ሊጠነቀቁ የሚገባቸው ነገር አለ። ሙጫውን የሚያጠነክረው ፈሳሽ ፐርኦክሳይድ ነው፤ ኮባልት ካለበት ማፍጠኛ ጋር በቀጥታ ቢገናኝ ሊፈነዳ ይችላል፤ ዓይን ውስጥ ቢገባም ያሳውራል። ሁለቱን በአንድ መደርደሪያ ማስቀመጥ፣ ወይም ምልክት በሌለው የለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ እየቀነሱ መሸጥ፣ ለጥቂት ብር ትርፍ ሱቅንና ነፍስን ማስያዝ ነው። አሴቶንም ከእሳትና ከፀሐይ ርቆ ይቀመጥ።

ለመኪና ቀለም የሚመጣውን ፖሊሽ ለጀልባ የሚሸጡም አሉ። ማብረቁ አይቀርም፤ ነገር ግን ሲሊኮን ያለበት ከሆነ በኋላ የሚቀባው ቀለም ወይም ጄልኮት አይጨብጥም። ጥገና ለሚጠብቀው ጀልባ ሲሊኮን የሌለበትን መርጦ መስጠት የሻጩ ድርሻ ነው።

የመቆሚያውን ጎማ መለወጥ ለማይችል ባለቤት ጎማውን በሸራ ወይም በጆንያ መሸፈን ርካሽ ዘዴ ነው። ጆንያው አሸዋ ስለሚይዝ ግን በየጊዜው ወርዶ በውሃ መታጠብ አለበት፤ ሲቀደድም ወዲያው ይለወጥ።