የበሶብላውን ቅጠል ገልብጣችሁ እዩ

ገበሬ ወገኖቻችን፣ እናቶችና አባቶች፣ ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ጤፍ ወይም ስለ በሬ አይደለም። ስለ በሶብላ ነው። «ይህማ የሴት ጓሮ ነው» ብሎ ጋዜጣውን የሚያጥፍ አባወራ ካለ ትንሽ ይታገሰን። በሶብላ ያልገባበት በርበሬ ምን ጣዕም አለው? ሽሮውስ? ቅቤውስ ሲነጠር? ደግሞም ከቤት የተረፈው ገበያ ወጥቶ ጨውና ሳሙና ይገዛል።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ በሶብላው ሊያብብ ሲቃረብ፣ ቅጠሉ በድንገት ቢጫ ይሆናል። ጥቂት ቀን ቆይቶ ይጠቁራል፤ ይረግፋል። ዝናብና ጤዛ ከበዛ መደቡ ሙሉ ባዶ አገዳ ሆኖ ሊቀር ይችላል። ያን ጊዜ ወሬ ይጀመራል። አንዱ «ምች መታው» ይላል። ሰው ምች ሲመታው ዳማ ከሴ ይታሽለታል። ዳማ ከሴ ራሱ የበሶብላ ዘመድ ነው፤ ታዲያ ለበሶብላ ምች ምን ሊታሽለት ነው? ከሁሉ ክፉው ግን «ዐይን በላው» የሚለው ነው። ትናንት «እንዴት ያምራል!» ብላ ያደነቀች ጎረቤት ዛሬ ትጠረጠራለች። ሰላምታ ይቋረጣል። እሳት መጫጫር ይቀራል። ሴትዮዋ ምን አደረገች? ምንም።

እስቲ በጠዋት፣ ጤዛው ሳይደርቅ፣ ቢጫ የሆነውን ቅጠል ገልብጣችሁ እዩት። በቅጠሉ ሆድ ላይ ግራጫ፣ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ፣ ትቢያ የመሰለ ነገር አለ? ካለ በሽታው እሱ ነው። ትቢያ ነው ብላችሁ በጣታችሁ ብትጠርጉት አይጠቅምም፤ ከቅጠሉ ውስጥ የበቀለ ነው። መሬት የራበው ተክልም ቢጫ ይሆናል። ያኛው ግን በሆዱ ትቢያ የለበትም።

ትቢያው ካልታየና ከተጠራጠራችሁ አንድ ቀላል ፈተና አለ። ቢጫ የሆኑ ሦስት አራት ቅጠሎች ቅጠፉ። ከረጠበ ጨርቅ ጋር ፌስታል ውስጥ አድርጉና አፉን ቋጥሩት። ጨለማ ቦታ አሳድሩት። በማግሥቱ ፈታችሁ የቅጠሉን ሆድ እዩ። በሽታው እሱ ከሆነ ትቢያው በአንድ ሌሊት በቅሎ ልታገኙት ትችላላችሁ። ይህን ስታደርጉ ያችን የተጠረጠረችውን ጎረቤት ጥሯት። አብራችሁ ፍቱት። ቤታችሁ ውስጥ፣ በተቋጠረ ፌስታል፣ ማንም ሳያየው የበቀለውን በማን ዐይን ልታሳብቡ ነው?

ይህ በሽታ ሕይወት ያለው ነገር ነው። ነጠላው በዐይን አይታይም። ሻጋታ ይመስላል፤ የቀድሞ ሊቃውንትም ከሻጋታ ጋር ይቆጥሩት ነበር። ዛሬ ለብቻው ለይተውታል። የድንች ቅጠል የሚያጠቁረውና የሚያበሰብሰው በሽታ የቅርብ ዘመዱ ነው። ድንች የተከላችሁ ጠባዩን ታውቁታላችሁ፤ እርጥበት ይወዳል።

አሁን ዋናውን ነገር ልብ በሉ። ይህ በሽታ ዘሩን የሚያፈራው በሌሊት ነው። ለዚያም ጨለማና እርጥበት አንድ ላይ፣ ቢያንስ ሰባት ሰዓት ተኩል ያህል ያስፈልጉታል። ሲነጋ ያ ትቢያ ተነሥቶ በነፋስ ወደ ጤነኛው ቅጠል ይሄዳል። በእስራኤል አገር የባር ኢላን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2013 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ባወጡት ጽሑፍ፣ ሌሊቱን መብራት የበራበት በሶብላ ላይ በሽታው ትቢያውን ማፍራት እንደሚሳነው አሳይተዋል። ኩራዝ ይዛችሁ ጓሮ እደሩ ማለታችን አይደለም! ጨለማውን መከልከል አንችልም። እርጥበቱን ግን መቀነስ እንችላለን።

እንዴት? ውሃ የምታጠጡ ከሆነ በጠዋት አጠጡ። በጣሳ ከሥሩ አፍስሱለት እንጂ ከላይ አትርጩበት። ማታ የጠጣ በሶብላ ቅጠሉ እርጥብ ሆኖ ያድራል፤ በሽታውም የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ተበትኖ የተዘራ ሁልጊዜ ይጠቀጠቃል። እየነቀላችሁ ለወጥ አድርጉት፤ በቀረው መካከል ከአንድ ስንዝር እስከ ስንዝር ተኩል ይኑር። ነፋስ ይግባበት። ከአጥር ሥር ወይም ከበቆሎ ጥላ ውስጥ የተዘራ ጤዛው ረፋድ ድረስ አይለቀውም። ፀሐይ ቶሎ የሚያገኘው ቦታ ይሻላል። ቅጠሉ እርጥብ ሳለ ደግሞ አትኮትኩቱት፤ አትቅጠፉም። እጃችሁና ቀሚሳችሁ በሽታውን ከአንዱ ወደ ሌላው ያደርሰዋል።

የታመመውን ቅጠል ቀስ ብላችሁ ቀጥፋችሁ ከረጢት ውስጥ አድርጉና ከጓሮው አርቃችሁ ቅበሩ። የመደቡ ሩብ ያህል ከታመመ ግን ለቀማው አያዋጣም። «አበባው ይድረስ» ብላችሁ አትጠብቁ። ጤነኛውን በሙሉ ጤዛው ሲደርቅ እጨዱት። በሽታው ሰው አይዝም። የጠቆረው ግን ሽታ የለውም፤ ለዩት። የታጨደውን ከመሬት ከፍ ባለ ሰሌን ላይ በስሱ አስጡ፤ በእጅ ሲታሽ እስኪደቅ ድረስ ይድረቅ። ሳይደርቅ ከበርበሬ ጋር የተደባለቀ ሌላ ሻጋታ ያመጣል። ያኛው ሻጋታ ሰው የሚጎዳ መርዝ ሊያፈራ ስለሚችል ይህን በቀላሉ አትዩት።

አመድ ቢነሰንሱበት የታመመው ቅጠል ተመልሶ አይድንም። ለድንች የተገዛ መድኃኒት ተርፏል ብላችሁም አትርጩበት። በሶብላ ቅጠሉ የሚበላ ነው፤ የተረጨው መርዝ ከበርበሬው ጋር ገበታ ላይ ይቀርባል። የግብርና ልማት ሠራተኛውን ሳትጠይቁ ምንም አትንኩ።

ቡናማ ወይም ጥቁር ነጠብጣብ ብቻ ያለበት፣ ትቢያ የሌለው ቅጠልም ያጋጥማል። ይህ ሌላ በሽታ ነው፤ ከአፈር በዝናብ እየተፈናጠቀ ይወጣል። እንክብካቤው ግን ያው ነው። አገዳው ከነሕይወቱ ጠውልጎ ሲሰነጠቅ ውስጡ ቡናማ ከሆነ በሽታው የሥር ነው። ያን ነቅላችሁ አቃጥሉ፤ በዚያ መደብ ላይም ለብዙ ዓመት በሶብላ አትዝሩ።

የቀረው የዘር ነገር ነው። የቅጠሉ በሽታ በዘር ውስጥ ተደብቆ ይሄዳል። በኡጋንዳ የታወቀው በ1930ዎቹ ነበር። በ2001 በስዊዘርላንድ፣ በ2007 በአሜሪካ ፍሎሪዳ ታየ፤ ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው። ያን ያህል ባሕር የተሻገረው በአብዛኛው ከዘር ጋር እንደሆነ ይታመናል። በኛም አገር የበሶብላ ዘር ከጎረቤት ጎረቤት በጨርቅ ተቋጥሮ ይሰጣል። ደግ ልማድ ነው፤ አይቅር። ብቻ ከታመመ መደብ ዘር አታራግፉ። ገና ቅጠሉ አረንጓዴ ሳለ ጤነኛ የሆኑትን አምስት ስድስት እግር መርጣችሁ ክር እሰሩባቸው። ዘር የምትወስዱት ከነዚያ ብቻ ይሁን። የናንተ መደብ በሙሉ ከታመመ ከጎረቤት ለምኑ። መቼም ዐይኗን ስትፈሩ ከነበረችው ሴትዮ ጓሮ ጤነኛ በሶብላ ካለ፣ ከሷም ቢሆን።