ስለ ሕፃናት ቅርሻት ለወላጆች የሚጠቅም ምክር

ዛሬ በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ የምንጽፈው ነገር ሲያዩት ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን የስንቱን ቤት እንቅልፍ የሚነሣ፥ አማትንና ምራትን የሚያከራክር፥ አንዳንድ ጊዜም ላልታሰበ አደጋ የሚያደርስ ነው። ይኸውም ጡት የሚጠባ ሕፃን የጠባውን ወተት መልሶ ማቅረሹ ነው።

በጋይንት፥ በስማዳና በእስቴ አገር ሕፃን ባቀረሸ ጊዜ ፍርዱ ፈጥኖ ይሰጣል። አንዱ «ዐይን በልቶት ነው» ይላል፤ ሌላው «ምች መትቶት ነው» ይላል፤ ብዙው ሰው ግን «እንጥሉ ወርዶበት ነው» ብሎ ቈራጭ ያስጠራል። እኛ በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ስንኖር፥ ምስክር ሳይሰማ ፍርድ እንደማይሰጥ በየቀኑ እናያለን። በገዛ ቤታችን ግን ይህን ሥርዐት አፍርሰን ስለ ነበረ፥ ለሌላው ትምህርት ይሆን ዘንድ ጥፋታችንን ሳንሸሽግ እንናገራለን።

የበኵር ልጃችን በተወለደ በ6ኛው ሳምንት ማቅረሽ ጀመረ። የቤቱ ሰው ሁሉ «እንጥሉ ነው» ስላለ፥ እኛም የሽማግሌዎቹን ቃል መተላለፍ ስለ ከበደን እሺ አልን። ቈራጩ መጥቶ እንጥሉን ቈረጠ፤ ደሙም እስከ ማታ ሳይቆም ቀረ። በዚያች ሌሊት ልጁን በነጠላ ጠቅልለን ወደ ሐኪም ስንገሠግሥ የነበረብንን ጭንቅ እግዚአብሔር ያውቀዋል። ልጁ በቸርነቱ ተረፈ፤ የሚያስደንቀው ነገር ግን እንጥሉ ከተቈረጠ በኋላ ቅርሻቱ እንደ ቀድሞው ሆኖ፥ ራሱን ችሎ እስኪቀመጥ ድረስ አለመተዉ ነው። እንግዲህ ያ ሁሉ ደም የፈሰሰው ስለ ምን ነበረ?

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሴት ልጅ ተወለደችልን፤ እርስዋም እንደ ወንድምዋ ማቅረሽ ጀመረች። እናታችንም፥ «ልጄ፥ ይህችም እንጥልዋ ወርዷል፤ ሳይብስ ይቈረጥ እንጂ» አሉን። ባለቤታችን ግን ራስዋን ዝቅ አድርጋ፥ «እሜቴ፥ በፊተኛውም እንዲሁ ብለን ነበር፤ ይህችን አስቀድመን ለሐኪም እናሳያት» ብላ ለመነች። በማግሥቱ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድናት።

የጤና ባለሙያዋ ሕፃኒቱን በሚዛን አስቀምጣ ከተወለደች ጀምሮ የጨመረችውን አሰላች፤ ቀጥላም ስንት ጊዜ እንደምትሸና፥ የምታቀርሸውም መልኩ ምን እንደ ሆነ ጠየቀች። ሁሉን ሰምታ፥ «ልጅዎ ደኅና ናት፤ የሚበላሸው ልብስዎ ነው እንጂ ጤናዋ አይደለም» አለች። እንዲህም ስትል አስረዳችን።

ምግብ ከጕሮሮ ወደ ጨጓራ በሚገባበት በር እንደ ስልቻ አፍ የሚጠብብና የሚሰፋ ሥጋ አለ። ይህ ሥጋ በሕፃናት ገና አልጠነከረም፤ ምግባቸውም ወተት ብቻ ነው፤ ቀኑንም ተኝተው ይውላሉ። የሞላ ስልቻ አፉ ሳይታሰር ቢያጋድሉት እንደሚፈስ እንዲሁ ወተቱ ይመለሳል። ከ10 ሕፃናት 4 ያህሉ ወይም ከዚያ የሚበዙት ያቀርሻሉ። ነገሩ አብዛኛውን ጊዜ 8 ሳምንት ሳይሞላ ይጀምራል፤ በ4ኛው ወር ገደማ ይበረታል፤ ሕፃኑ መቀመጥና ጠንከር ያለ ምግብ መብላት ሲጀምር እየቀነሰ ይሄዳል፤ ከ10ሩ 9ኙ 1 ዓመት ሲሞላቸው ይተዋሉ። እንጥል በዚህ ነገር ምንም ድርሻ የለውም።

ይህን ሰምተን ብንመለስም መንገዱ ቀጥ ያለ አልሆነልንም። አንድ ቀን ደኅና ትውላለች፤ በማግሥቱ ሦስት ነጠላ ታበላሻለች። በተለይ ክርስትና የምትነሣበት 80 ቀን ሲቀርብ፥ ቍርባን ከተቀበለች በኋላ ታቀርሽ ይሆን ብላ እናትዋ ተጨነቀች፤ ምን እንደሚደረግም የንስሓ አባታችንን አስቀድማ በመጠየቅ ልብዋን አሳረፈች። እኛም አንድ ቀን የቅርሻቱ ብዛት ቢያስደነግጠን፥ አንድ ማንኪያ ወተት በጨርቅ ላይ አፍስሰን አየን፤ ያ አንድ ማንኪያ ጨርቁን ያበላሸው ልክ ሕፃኒቱ ከምታበላሸው ጋራ አንድ ሆነ። ከዚያ ወዲህ በነጠላው ሳይሆን በሚዛኑ መፍረድን ተማርን። ጤነኛ ሕፃን በ5ኛው ወር ገደማ ሲወለድ የነበረውን ክብደት እጥፍ ያደርጋልና፥ እውነተኛው ምስክር እርሱ ነው።

በቤት ውስጥ ሊደረግ የሚገባው ይህ ነው። ጡት ቶሎ ቶሎ፥ ነገር ግን በየጊዜው ጥቂት ጥቂት ማጥባት፤ በመካከልና በመጨረሻ ጀርባውን በቀስታ እየመቱ ማስገሳት፤ ከጠባ በኋላ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ድረስ በትከሻ ላይ ቀጥ አድርጎ መያዝ ነው። እንደ ነፋስ መውጫ ባለው በደጋው አገር ብርድ ስለሚበረታ ሕፃናትን አጥብቆ መጠቅለል ልማድ ነው፤ ሙቀቱ መልካም ሲሆን ሆድን ማጥበቅ ግን ወተቱን ወደ ላይ ይገፋዋል። እንደ ጠባም ወዲያው በአንቀልባ አለማዘል ይሻላል። በስማዳ ቈላ ደግሞ ስለ ሙቀቱ ለሕፃን ውሃ ይሰጣል፤ ይሁን እንጂ 6 ወር እስኪሞላው ድረስ በቈላም ቢሆን የእናት ጡት ብቻ ይበቃዋል። ቅቤ ማዋጥ፥ የአብሽ ውሃ ወይም ስኳር በውሃ መስጠት ከጥቅሙ ጕዳቱ ይበዛል። «ወተትዋ ከፍቷል» ብሎ ጡት ማስጣልም ትልቅ ስሕተት ነው። ሲተኛ በጀርባው፥ በተስተካከለና በማይሰምጥ ምኝታ ላይ ይተኛ፤ ያቀርሻል ተብሎ በሆዱ አይተኛ፤ ከራሱም ሥር ትራስ አይደረግ። ሐኪም ሳያዝም የጨጓራ መድኃኒት አይሰጠው።

ነገር ግን ቅርሻት ሁሉ ቀላል ነው ማለታችን አይደለም። የሚተፋው አረንጓዴ ወይም ደም የተቀላቀለበት ቢሆን፤ ከተወለደ ከ2ኛው እስከ 8ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ በጠባ ቍጥር ወተቱ ርቆ እየተወረወረ ሕፃኑ ወዲያው ቢራብ፤ ክብደቱ ባይጨምር ወይም ቢቀንስ፤ ጡት እንቢ ቢል፤ ትኩሳት ቢኖረው፤ ሲተነፍስ ቢቸገር ወይም ከንፈሩ ቢጠቍር፤ ሽንቱ ቢያንስና እርግብግቢቱ ቢጎደጕድ፤ ቅርሻቱ ከ6 ወር በኋላ አዲስ ቢጀምር ወይም ከ1 ዓመት ቢያልፍ፥ አንድ ቀን ሳያሳድሩ ወደ ሐኪም መውሰድ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ በ1995 ዓ. ም. ከተጀመረ ወዲህ በየቀበሌው ጤና ኬላ ተሠርቷል፤ በነፋስ መውጫ፥ በመካነ ኢየሱስና በደብረ ታቦርም ሆስፒታል አለ። ሩቅ ነው ብሎ ቈራጭ መጥራት ምክንያት ሊሆን አይችልም።

ሕጉንም ማስታወስ ሥራችን ነው። በ1996 ዓ. ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ከአንቀጽ 561 ጀምሮ በጎጂ ልማድ የሕፃናትን ሕይወትና አካል የሚጐዳውን ሰው እንደሚያስቀጣ ደንግጓል። ይሁን እንጂ ልጁ ከተጐዳ በኋላ የሚሰጥ ፍርድ የፈሰሰውን ደም አይመልስም። ስለዚህ የቤት ጌቶች የሆናችሁ አባቶች ሆይ፤ የሕፃን ነገር የሴቶች ነው ብላችሁ ዝም አትበሉ። ቈራጩ የሚጠራው በእናንተ ፈቃድ ነውና፥ ፈቃዳችሁን ከመስጠታችሁ በፊት ሚዛኑ ይመስክር። ሌሊቱንም ከእናቲቱ ጋራ ተካፍላችሁ ሕፃኑን በትከሻችሁ ያዙ፤ ድካምዋ በዚህ ይቀልላታልና።

ልጃችን 11 ወር ሲሆናት ማቅረሽን ፈጽማ ተወች። እናታችንም ዛሬ ጎረቤት መጥቶ «የልጄ እንጥል ወረደ» ሲላቸው፥ «እስቲ አስቀድመህ በሚዛን አስመዝነው፤ እኛ ሳናስመዝን ቈርጠን ምን እንዳገኘን እኔ አውቃለሁ» ብለው ይመልሳሉ።