ወላጅ አባት ሳይፈቅድ ልጁን ለጉዲፈቻ መስጠት ይቻላል?



አንድ የጉንደ ወይን ሰው ለሥራ ሳዑዲ ሄደ እንበል። ሚስቱን ፈትቷል፤ የ7 ዓመት ልጁ ከእናቱ ጋር ነው። አንድ ቀን ከአገር ቤት ተደወለለት፦ «ልጅህ ቢቸና ላሉ ባልና ሚስት በጉዲፈቻ ሊሰጥ ነው፤ ውሉም እየተጻፈ ነው።» ይህ አባት ምን መብት አለው?

የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) አንቀጽ 191 እንደሚለው፣ የልጁ አባትና እናት በሕይወት ካሉና ከታወቁ ሁለቱም መስማማት አለባቸው። ፍቺ የአባትነትን መብት አያነሳም፤ እናት ልጁን ብታሳድግም ብቻዋን ፈርማ መስጠት አትችልም። በጉንደ ወይን፣ በሞጣና በቢቸና የሚሠራው የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 79/1995) ነው። በይዘቱ ከፌዴራሉ ጋር ይቀራረባል፤ እዚህ የምጠቅሳቸው አንቀጾች ግን የፌዴራሉ ስለሆኑ፣ አቤቱታ የሚጽፍ ሰው ቁጥሮቹን ከክልሉ አዋጅ ጋር ያመሳክር።

ሕጉ የአንዱን ወላጅ ፈቃድ ብቻ የሚቀበለው ሌላኛው ከሞተ፣ ከጠፋ፣ ካልታወቀ ወይም ፈቃዱን መግለጽ ካልቻለ ነው። ብዙ ክርክር የሚነሳው «ጠፍቷል» በሚለው ላይ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ስለ መጥፋት ሲናገር 2 ዓመት ሙሉ ወሬው ያልተሰማን ሰው ነው የሚያስበው። በየወሩ የሚደውልና ብር የሚልክ ሰው ጅዳ ስለሆነ ብቻ ጠፋ ሊባል አይገባም። ስለዚህ የሐዋላ ደረሰኞቻችሁን አትጣሉ። ልጁ 10 ዓመት ከሞላው ግን አንዱ ወላጅ እምቢ ቢልም ፍርድ ቤቱ የሌላኛውን ወላጅና የልጁን ሐሳብ ሰምቶ ሊያጸድቅ ይችላል።

«ኒካሓችን አልተመዘገበም፣ አባትነቴን ምን ያስረዳልኛል?» የሚሉ ወንድሞች አሉ። በሃይማኖት ሥርዓት የተፈጸመ ጋብቻ በሕጉ ጋብቻ ነው፤ በጋብቻ ውስጥ የተወለደ ልጅም አባቱ ባልየው ነው ተብሎ ይገመታል። የኒካሕ ወረቀትና ምስክሮች ይጠቅማሉ፤ የልጁ የልደት ምዝገባ ደግሞ ከሁሉም የተሻለ ማስረጃ ነው።

የጉዲፈቻ ውል ፍርድ ቤት ካላጸደቀው ዋጋ የለውም። ስለዚህ መቃወም ያለበት ሳይጸድቅ ነው፤ አንዴ ከጸደቀ አሳዳጊው ልጁን እንደ ባሪያ ካልያዘው ወይም የወደፊት ሕይወቱን በሚጎዳ ሁኔታ ካላሳደገው በቀር አይፈርስም። ሳይጠራና ሳይሰማ የተወሰነበት አባት ፍርዱ ከመፈጸሙ በፊት በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 358 መሠረት መቃወሚያ ማቅረብ ይችላል።

የአባት መብት ግን ወሰን አለው። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት በ2000 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 23632 ያየው ጉዳይ ጉዲፈቻ ሳይሆን የአሳዳጊነት ክርክር ነበር። አክስቱ ያሳደገችውን ልጅ ወላጅ አባቱ ይሰጠኝ አለ፤ የሥር ፍርድ ቤቶች ለአባት ፈረዱ። ሰበር ችሎቱ ግን የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 36 እና የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽንን ጠቅሶ፣ የልጁ ጥቅም ይቀድማል በማለት ውሳኔውን ሻረው። ልጁን ዘንግቶ ለዓመታት የከረመ አባት ይህን መዝገብ ቢያውቀው ይበጀዋል።

በዲናችንስ? የዘይድ ኢብኑ ሓሪሳ (ረ.ዐ) ታሪክ የወላጅ አባትም ታሪክ ነው። ዘይድ በልጅነቱ ተማርኮ ተሸጠ፤ አባቱ ሓሪሳ ሲፈልገው ኖሮ መካ ላይ አገኘው፣ ቤዛም ይዞ መጣ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ምርጫውን ለዘይድ ተዉለት፤ እሱም ከእርሳቸው ጋር መኖርን መረጠ። ከዚያ በኋላ «ዘይድ ኢብኑ ሙሐመድ» ይባል ነበር። የሱረቱል አሕዛብ 5ኛ አያ ሲወርድ ግን ወደ አባቱ ስም ተመለሰ። ልጁ ማንም ዘንድ ቢያድግ ነሰቡ የወላጅ አባቱ ነው።

ስለዚህ ሙስሊም ቤተሰብ የቲም ወይም የተቸገረ ልጅ ሲያሳድግ መንገዱ ከፋላ ነው፤ ስሙን ሳይነጥቁ ማሳደግ። በሕጉ የጉዲፈቻ ልጅ እንደ ተወላጅ ይወርሳል። በሸሪዓ ግን አይወርስም፤ በሕይወት እያሉ በስጦታ ወይም እስከ ሲሶ በኑዛዜ መስጠት ይቻላል። (በአገራችን በማር የተቀባ ጣት በማስጠባት የሚደረገው «የጡት ልጅ» ልማድም በሸሪዓ መሕረም አያደርግም፤ ሕፃኑ 2 ዓመት ሳይሞላው በእርግጥ መጥባት አለበት።) የአሳዳጊነት ጉዳይን ሁለቱም ወገን ከፈቀዱ በሸሪዓ ፍርድ ቤት ማየት ይቻላል፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34(5) ይፈቅዳል።

ሳዑዲ ያለው አባታችን ታዲያ ዛሬውኑ ጅዳ ባለው ቆንስላ ወይም ሪያድ ባለው ኤምባሲ በኩል ለወንድሙ ወይም ለአባቱ ውክልና ይላክ። ውክልናው በጉዲፈቻ ጉዳይ ፍርድ ቤት ቀርቦ መቃወምን በግልጽ ይጥቀስ። ተወካዩም የኒካሑን ወረቀት፣ የልደት ምስክር ወረቀቱንና የሐዋላ ደረሰኞቹን ይዞ ውሉ ወደቀረበበት ፍርድ ቤት ይሂድ።