በዘይት ጠብታ ምክንያት ሞተር ከመውረዱ በፊት፦ የቫልቭ ክዳን ጋስኬት አቀያየር

ጎጆ በምዕራብ ሸዋ ዞን የጀልዱ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ድንችና ገብስ በስፋት በሚመረትበት በዚህ ደጋማ አካባቢ ምርት ወደ ገበያ የሚወጣው፣ ማዳበሪያም ወደ አርሶ አደሩ የሚደርሰው በናፍታ በሚሠሩ የጭነት መኪናዎች ነው። በዘር ወቅት አንድ መኪና ለሳምንት ቢቆም ጉዳቱ በባለንብረቱ መሥሪያ ቤት ላይ ብቻ አይወሰንም፤ ማዳበሪያውን የሚጠብቀው አርሶ አደርም የዘሩ ጊዜ ሊያልፍበት ይችላል።

መኪናን ለእንዲህ ዓይነቱ መቆም ከሚዳርጉት ብልሽቶች መካከል የቫልቭ ክዳን ጋስኬት ዘይት ማፍሰስ አንዱ ነው። ብልሽቱ በጊዜ ሲደረስበት በአብዛኞቹ ሞተሮች ላይ ከአንድ ቀን ባነሰ ጊዜ የሚጠገን ሲሆን፣ ችላ ሲባል ወይም በትክክል ሳይለይ ሲቀር ግን ከፍተኛ ወጪ ያስከትላል።

የቫልቭ ክዳን በሞተሩ አናት፣ በቴስታታው ላይ የሚያርፍና ቫልቮቹን የሚያንቀሳቅሱትን ክፍሎች የሚሸፍን አካል ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ጋስኬት፣ በመካኒኮች አጠራር ጓርኒሲዮን፣ ከቡሽ፣ ከጎማ ወይም ከሲሊኮን የሚሠራ ሲሆን፣ በውስጥ የሚረጨው ዘይት ወደ ውጭ እንዳይወጣ፣ አቧራም ወደ ውስጥ እንዳይገባ ይከላከላል። ለዓመታት በሙቀትና በቅዝቃዜ ሲፈራረቅበት ግን ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ የመለጠጥ ባሕርዩንም ያጣል።

የጠብታው መጠን በዓይን ሲታይ አነስተኛ ይመስላል። ይሁን እንጂ በሰከንድ 1 ጠብታ የሚያፈስ ሞተር፣ አንዱ ጠብታ 0.05 ሚሊ ሊትር ያህል እንደሆነ ቢታሰብ፣ በሰዓት 180 ሚሊ ሊትር፣ በ10 ሰዓት ጉዞ ደግሞ ወደ 2 ሊትር የሚጠጋ ዘይት ያጣል። ዘይቱ በጋለው የጭስ ማስወጫ ወይም በቱርቦው ላይ ሲያርፍ ጭስና ሽታ የሚፈጥር ከመሆኑም በላይ ለእሳት አደጋ ምክንያት ሊሆን ይችላል። የጎማ ቱቦዎችንና ቺንጊያን ያበላሻል፤ አቧራ በሞተሩ አካል ላይ እንዲጋገር በማድረግም ሙቀት በአግባቡ እንዳይወጣ ያግዳል።

ከሁሉም በላይ ትኩረት የሚያሻው ጉዳይ የብልሽቱ አለያየት ነው። ዘይት ወደ ታች ይወርዳል፤ በጉዞ ወቅትም ነፋስ ወደ ኋላ ይገፋዋል። በዚህም ምክንያት ከቴስታታው አናት የወጣ ዘይት የሞተሩን ጀርባ ተከትሎ በመውረድ ከካምቢዮው መገናኛ ሥር ይንጠባጠባል። ይህን የተመለከተ ባለሙያ የሞተሩ የኋላ ኦይል ሲል እንደተበላሸ ሊገምት ይችላል። ግምቱ ሳይጣራ ሥራው ከተጀመረ ካምቢዮው ይወርዳል፣ መኪናው ለቀናት ይቆማል፣ ማፍሰሱ ግን ባለበት ይቀጥላል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ሞተሩ በቅባት ማስለቀቂያ ታጥቦ ከደረቀ በኋላ ይነሣል፤ ከዚያም ከላይ ወደ ታች በባትሪ መብራት ይፈተሻል። የመጀመሪያው እርጥበት የሚታየው በክዳኑ ጠርዝ ከሆነ ምንጩ እርሱ ነው። የሞተሩ መተንፈሻ ቱቦም አብሮ ሊታይ ይገባል። መተንፈሻው ከተደፈነ ወይም የፒስተን ቀለበቶች በማለቃቸው የጋዝ ግፊት ከበዛ አዲሱም ጋስኬት ብዙም ሳይቆይ ያፈሳል።

የመቀየሩ ሥራ የሚጀመረው ሞተሩ ከቀዘቀዘና የባትሪው ገመድ ከተነቀለ በኋላ ነው። ጋቢናው የሚገለበጥ ከሆነ መደገፊያው በትክክል መቆለፉ ይረጋገጣል። ክዳኑ ከመከፈቱ በፊት ዙሪያው በሚገባ ይጸዳል፤ ወደ ቫልቮቹ የሚወድቅ አሸዋ ከዘይቱ መፍሰስ የባሰ ጉዳት ያደርሳልና። የናፍታ ቱቦዎችን መፍታት ግድ ከሆነ ጫፎቻቸው ወዲያውኑ ይሸፈናሉ። የተጣበቀ ክዳን በጎማ መዶሻ ቀስ ተብሎ ይመታል እንጂ በካቻቢቴ አይፈለቀቅም።

ክዳኑ ከተነሣ በኋላ አሮጌው ጋስኬት በፕላስቲክ ወይም በእንጨት መፋቂያ ይነሣል፤ ሁለቱም ገጾች ከዘይት ነጻ እስኪሆኑ ይወለወላሉ። ክዳኑ መጣመም አለመጣመሙ በቀጥ ያለ ብረት ማስመሪያ ይታያል። የብሎኖቹ የጎማ ቀለበቶችም አብረው ይቀየራሉ። አጋጣሚው የቫልቮችን ክፍተት ለመለካትም አመቺ ነው። ለምሳሌ ባለ 6 ሲሊንደርና ባለ 12 ቫልቭ በሆነው የከሚንስ ሞተር ክፍተቱ ለአየር ማስገቢያው 0.25፣ ለጭስ ማስወጫው 0.51 ሚሊ ሜትር ነው።

አዲሱ ጋስኬት በአብዛኛው በደረቁ ይገጠማል። ሲሊኮን የሚቀባው የሞተሩ መመሪያ በሚያዝባቸው ማዕዘኖችና መጋጠሚያዎች ላይ ብቻ ነው። የተረፈው ሲሊኮን ወደ ውስጥ ተቆርሶ ከገባ የዘይት መተላለፊያን ሊደፍን ይችላል። ብሎኖቹ ከመሃል ወደ ዳር፣ በሁለት ወይም በሦስት ዙር፣ በቶርክ መለኪያ ቁልፍ ይጠበቃሉ። መጠኑ በመመሪያው የሚወሰን ሆኖ በበርካታ ሞተሮች ከ10 እስከ 25 ኒውተን ሜትር ብቻ ነው። «ይበልጥ ከጠበቀ አያፈስም» የሚለው አስተሳሰብ ስሕተት ነው፤ ከልክ ያለፈ ማጥበቅ ጋስኬቱን ያደቃል፣ ክዳኑንም ያጣምማል።

በመጨረሻም የዘይቱ መጠን ይስተካከላል፤ ሞተሩም ሠርቶ እስኪሞቅ ድረስ ዙሪያው ይታያል። ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላ ፍተሻው ይደገማል።

በአምቦ፣ በጊንጪም ሆነ በጎጆ ተሽከርካሪ የሚያስተዳድሩ የሥራ ኃላፊዎች መካኒክ መሆን አይጠበቅባቸውም። የሚጠበቅባቸው ሾፌሩ የጨመረውን ዘይት በየዕለቱ እንዲመዘግብ ማድረግ፣ በሞተሩ ቁጥር የተለየ ጋስኬት አስቀድሞ በመጋዘን እንዲኖር ማመቻቸትና «ካምቢዮ ይውረድ» ወይም «ሞተር ይውረድ» የሚል የጥገና ጥያቄ ሲቀርብላቸው ከመፈረማቸው በፊት አንድ ጥያቄ መጠየቅ ነው፦ ሞተሩ ታጥቦ ከላይ ወደ ታች ተፈትሿል? መልሱ «አልተፈተሸም» ከሆነ ፊርማው ሊቆይ ይገባል። ይህ ጥያቄ የመንግሥትን ገንዘብ ከብክነት ከማዳኑም ባሻገር መኪናው በዘር ወቅት ከመንገድ እንዳይቀር ያግዛል።